የማይንቀሳቀስ ሳሎን

ጠዋት ሰዎቹ ከአልጋ ሲነሱ ግድግዳዎቹም አብረው ይነሳሉ። ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ ከድሮው ፈጣን መንገድ ባሻገር በተሠሩት ረጃጅም ሕንጻዎች ውስጥ የሚኖር ሰው ያንን ድምፅ ለምዶታል፤ ረጅም ትንፋሽ ይመስላል። አልጋው ወደ ጣሪያ ይወጣል። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ወደ ውስጥ ይገፋና ማዕድ ቤቱ ይሰፋል። ቁርስ ሲያልቅ ማዕድ ቤቱ ይጠባል። ቤተሰቡ ለሥራና ለትምህርት ሲወጣ ሳሎኑ ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ ወደ ማታ ይመለሳል።

በዚያ ዘመን “ሄደ” እና “መጣ” ለሰው ብቻ የሚነገሩ ቃላት አልነበሩም። የውብዓለም ልጅ ልዕልና አፏን እንደፈታች ከተናገረቻቸው ነገሮች አንዱ “ክፍሌ ገና አልመጣም” የሚል ነበር። ትምህርት ቤት ገብታ፣ መምህሯ “ቤታችሁን ሳሉ” ስትል የክፍሉ ልጆች በሙሉ “የጠዋቱን ነው የማታውን?” ብለው ጠየቁ። መምህሯ “የፈለጋችሁትን” አለች። ጥያቄው ለእሷም እንግዳ አልነበረም።

ይህን ሁሉ የሚያዘው አደላዳዩ ነው። አደላዳዩ ማን የት እንደተቀመጠ፣ የትኛው ጥግ ሰው ሳያየው እንደዋለ ያውቃል። ባዶ የዋለውን ከአንዱ ቤት ወስዶ ለሌላው ይሰጣል። አንዲት ጠባብ ቤት በዚህ ዘዴ ቀኑን ሙሉ የአራት ክፍል ሥራ ትሠራለች። ነዋሪዎቹ በዚህ ይኮሩ ነበር። የድሮ ሰዎች ለእንግዳ ተብሎ ዓመቱን ሙሉ የሚዘጋ ሳሎን፣ ማንም የማይቀመጥበት ሶፋ፣ ማንም በማይጠጣበት ብርጭቆ የተሞላ ቡፌ እንደነበራቸው ሲነገራቸው ይስቁ ነበር።

ከሚኮሩት አንዱ የውብዓለም ባል ሙሴ ነበር። የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ተቆጣጣሪ ነው። ቤቱ በዕጣ ሲደርሰው መሥሪያ ቤቱ በሙሉ እንኳን ደስ ያለህ ብሎታል። ውብዓለም ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች፤ ዝምተኛ ናት፣ እጇ አይቸኩልም። በቤቱ ላይ ቅሬታ ኖሯት አያውቅም። እናቷን እስካመጣች ድረስ።

እናቷ ወይዘሮ ሶሊያና የጅቡቲ መስመር የመጨረሻዎቹ ነጂዎች ከሚባሉት አንዷ ነበሩ። ከባድ መኪኖች ራሳቸውን መንዳት ከመጀመራቸው በፊት፣ ተሳቢ እየጎተቱ ከወደብ እስከ አዳማ በእጃቸው መሪ ጨብጠው ተመላልሰዋል። ጡረታ ሲወጡ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ መሬት ላይ በቆመ አሮጌ ቤት፣ ከታናሽ እህታቸው ጋር ኖሩ። እዚያ ሳሉ ዓይናቸው ከጠርዝ ጀምሮ እየጠፋ ሄደና መሃሉም ጨለመ። ሐኪሞች ብዙ ነገር በሚጠግኑበት በዚያ ዘመን እንኳን የሞተ የዓይን ነርቭ የሚመልስ አልተገኘም። ያም ሆኖ ወይዘሮ ሶሊያና በዚያ ቤት ማንም እጃቸውን ሳይዝ ይወጡ ይገቡ፣ ልብሳቸውን አጥበው ያሰጡ ነበር። እህታቸው ስትሞት ነው ውብዓለም ሄዳ ያመጣቻቸው።

ሙሴ በር ላይ ጠብቆ ትከሻቸውን ስሞ ተቀበላቸው።

“እማማ፣ እዚህ ቤት ጥበት የሚባል ነገር የለም። ሲያስፈልግዎት ራሱ ይሰፋል” አላቸው።

“መስኮቱ በየት በኩል ነው?”

“መስኮቱ... አሁን ጎረቤት ጋ ነው። ሲመሽ ይመጣል።”

ወይዘሮ ሶሊያና ሳቁ። የቀለደ መስሏቸው ነበር።

ማታውን ቤቱን በእጃቸው ዳሰሱት። ከአልጋው ተነስተው ግድግዳውን ይዘው ዞሩ፤ የሽንት ቤቱን በር፣ የማዕድ ቤቱን ጠርዝ፣ የመውጫውን እጀታ አንድ በአንድ ነኩ። “ገባኝ” አሉና ተኙ። ጠዋት ከሁሉም ቀድመው ተነሱ፤ በማታው ልክ ሄዱ፤ ግንባራቸውን ማታ ካልነበረ ግድግዳ ጋር አጋጩ።

“በስተግራዎ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ቀጥታ” አለ ከጣሪያው ለስላሳ ድምፅ።

“ይሄ ደግሞ ማነው?”

“አደላዳዩ ነው እማዬ” አለች ውብዓለም፣ ወደ እሳቸው እየሮጠች። “የት እንዳለሽ ስለሚያይ ይመራሻል።”

“የት እንዳለሁ ማወቅ ያለብኝማ እኔ ነኝ።”

ከሕንጻው አስተዳደር በእጅ የሚታሰር፣ ግድግዳ ሲቃረብ የሚንቀጠቀጥ ነገር አመጡላቸው። አሠሩትና ከምሳ በፊት ፈቱት። “ውቤ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ረዳት ነበረኝ” አሉ ለልጃቸው። “ረዳት ከኋላ ቆሞ ና፣ ና፣ ቁም ይላል። መሪውን ግን አይዝም። ይሄ መሪውን ነው የቀማኝ።”

ከዚያ በኋላ መንቀሳቀስ ተዉ። ጠዋት ውብዓለም ፊታቸውን አስታጥባ፣ ምሳቸውን አጠገባቸው አስቀምጣ ትወጣለች። ማታ ስትመለስ እናቷ የተቀመጡበት ቦታ ላይ ናቸው። ግድግዳዎቹ ዙሪያቸውን ሲሄዱና ሲመጡ ይውላሉ። አንድ ቀን ውብዓለም የውሃው ብርጭቆ ሳይነካ እንደዋለ አየች፤ በማግሥቱም እንደዚያው ነበር።

“ውሃ ለምን አትጠጪም እማዬ?”

“አልጠማኝም።”

ውብዓለም ነገሩ የገባት ዕቃ እያጠበች ሳለ ነው። ውሃ የጠጣ ሰው ሽንት ቤት መሄድ አለበት። ቧንቧውን ዘጋች።

ወይዘሮ ሶሊያና ግን እጃቸውን ጨርሰው አልሰጡም ነበር። አንድ ጠዋት፣ ቤተሰቡ ለመውጣት ሲዋከብ፣ ብቻቸውን ተነስተው ወደ በሩ መሄድ ጀመሩ። መሃል ላይ ሲደርሱ የሳሎኑ ግድግዳ መጣ፤ ሰው መንገዱ ላይ ስላገኘ ቆመ። ወይዘሮ ሶሊያና ከፊታቸው ያለውን ሲነኩ ግድግዳ፣ ከኋላቸው ያለውን ሲነኩ ግድግዳ ሆነባቸው። ወደየት እንደሚረግጡ ጠፋቸው። የአንዱ ቤት ግድግዳ ሲቆም የሁሉም ስለሚቆም ፎቁ በሙሉ ተያዘ። የአንዱ ጎረቤት አልጋ ሰውየውን እንደያዘ ጣሪያና ወለል መሃል ተንጠለጠለ። አንዲት ሴት ሳሙናዋን ሳትለቃለቅ ውሃው ሄደባት። ሰዎች በፒጃማ ወደ ኮሪደሩ ወጡ።

ውብዓለም እናቷን እጃቸውን ይዛ ስታወጣ ከኮሪደሩ የአንድ ወንድ ድምፅ ተሰማ፤ “ኧረ አዛውንቶች ማረፊያ ለምን አይወስዷቸውም? እዚያ እኮ የሚንከባከባቸው ሰው ያገኛሉ።”

በክፋት የተነገረ አልነበረም። ለዚህም ነው የከበደው።

ማታ ወይዘሮ ሶሊያና ልጃቸውን ጠሩ። “ውቤ፣ ጠዋት ሰውየው የተናገረው ቦታ ውሰጅኝ።”

“የት?”

“ሰምተሻል የት እንደሆነ።”

“አልወስድሽም።”

“ልጄ፣ እኔ ሰው መንገድ ላይ ቆሜ አላውቅም። መኪናዬ ስትበላሽ እንኳን ገፍቼ ጥግ አስይዤ ነው የምጠግናት።”

በማግሥቱ ውብዓለም ከሥራ አስፈቅዳ ወደ ሕንጻው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሄደች።

ሰብሳቢው አቶ ዳግማዊ ትሁት ሰው ነበሩ። በዚያ ሕንጻ አልጋ ካጣ፣ ማዕድ ቤት ከጠበበው ሰው ጋር ሲከራከሩ ዓመታት ያሳለፉ፣ ድምፃቸውን የማያነሱ ሰው ናቸው።

“ግድግዳዎቻችን እንዲቆሙልን እፈልጋለሁ” አለች ውብዓለም። “አንድ ቦታ። ለሁልጊዜው።”

“ቋሚ ቤት ማለትዎ ነው?”

“አዎ።”

“እመቤት፣ ቋሚ ቤት እኛ ዘንድ የሞተ ቤት ነው የሚባለው። በዚህ ሕንጻ አንድም የለም።”

“ደንቡ ይከለክላል?”

“አይከለክልም። ግን ቋሚ የሚሆን ቤት አሁን ከሚዞርለት ቦታ ግማሹን ብቻ ነው የሚይዘው። ቦታውን የሚጋራችሁ ጎረቤትም መስማማት አለበት። ደግሞ ኮሚቴው ከጥቂት ጊዜ በኋላ መጥቶ ያያል። እናትዎ በዚያ ቤት ያለ ሰው እርዳታ መኖር ካልቻሉ ግድግዳው ወደ አደላዳዩ ይመለሳል፤ እሳቸውም ወደ ማረፊያው ይሄዳሉ። ሌላ ጥያቄ አንቀበልም።”

“እስማማለሁ።”

“እርስዎ ተስማሙ። አያንቱስ?”

አያንቱ የጎረቤታቸው ስም ነው። የፎቁን ሕፃናት ጠዋት ተቀብላ ማታ የምትመልስ፣ ሳቂታ፣ ወገበ ጠንካራ ሴት ናት። ልጆቹን የምታውልበት ቦታ ደግሞ በየጠዋቱ ከውብዓለም ቤት የሚሄደው ሳሎን ነው። ውብዓለም ስትገባ ልጆቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ተኝተው ነበር፤ ሁለቱ ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አወሩ።

አያንቱ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ የአንዱን ሕፃን ብርድ ልብስ አስተካከለች።

“ውቤ፣ እናትሽን እንደምወዳቸው ታውቂያለሽ። ግን እነዚህን ተመልከቻቸው። እናቶቻቸው እኔን አምነው ነው የወጡት። ያንቺ ሳሎን ጠዋት ካልመጣልኝ የት ላድርጋቸው? ጭኔ ላይ ልደርድራቸው?”

“እውነትሽን ነው።”

“አትቀየሚኝ።”

“በምኑ እቀየምሻለሁ?” አለች ውብዓለም። እውነትም አልተቀየመቻትም።

ሳሎኑ እስኪመጣ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ሲመጣ ገባችና መሃሉ ላይ ቆማ ዙሪያዋን አየች። በዚህ በኩል ሳሎን አለ። በዚያ በኩል መኝታ ቤት አለ፤ ስፋቱ ከሳሎኑ አይተናነስም፤ ሰፊው መስኮት ያለውም እሱ ጋ ነው። ከሥራ ሲመለሱ እሷና ሙሴ በዚያ መስኮት ኮረብታው ላይ የነፋስ ማማዎቹ ሲሽከረከሩ እያዩ ያወሩ ነበር። እራት ላይ ነገረችው።

“ለአያንቱ መኝታ ቤቱን እንስጣት።”

“የማንን መኝታ ቤት?”

“የእኛን። ለጠዋት ብቻ ሳይሆን ጨርሶ። እሷ የማይሄድባት ክፍል ታገኛለች፣ እኛ ደግሞ የማይሄድ ሳሎን ይኖረናል።”

“የምንተኛውስ?”

“ሳሎን።”

ሙሴ ማንኪያውን አስቀመጠ። “ውብዓለም፣ ያ መስኮት ያለው ቤት በዕጣ ሲደርሰኝ ስንት ሰው እንደቀናብኝ ታውቂያለሽ? አሁን እንደ ተማሪ ሳሎን ልተኛ? ሰው ምን ይለኛል?”

“አላውቅም።”

“ለእማማ ማረፊያው መጥፎ ቦታ አይደለም እኮ። ሄጄ አይቼዋለሁ። ንጹህ ነው።”

ውብዓለም ሳህኖቹን አነሳች። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት የሚያወሩት ስለ ልጃቸው ትምህርትና ስለ እራት ብቻ ሆነ።

ነገሩን የለወጠው አንድ ተራ ቀን ነው። ጣቢያው ላይ የኤሌክትሪክ ጥገና ስለነበር ሙሴ ረፋዱ ላይ ወደ ቤት ተላከ። በዚያ ሰዓት ቤቱን አይቶት አያውቅም ነበር። ሳሎን የለም፣ መኝታ ቤት የለም፤ አንድ አልጋና ሁለት ሰው እንደ ልብ የማያቆም ወለል ብቻ ነው ያለው። አማቱ አልጋው ጫፍ ላይ ጫማቸውን አድርገው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

“እማማ፣ የት ሊሄዱ ነው?”

ወይዘሮ ሶሊያና ደነገጡ። “ሙሴ? ምነው ቸር ነው?”

“ቸር ነው፣ ሥራ ቆሞ ነው። እርስዎስ የት ሊሄዱ ነው?”

“የትም። ሽንት ቤት።” ፈገግ ለማለት ሞከሩ። “ውቤ ስትመጣ እንዳልዘገይባት ጫማዬን ቀድሜ አደርጋለሁ።”

ውብዓለም የምትመጣው ሲመሽ ነው። ሙሴ ገና ምሳ እንኳን እንዳልደረሰ ያውቃል። ክንዱን ሰጥቶ ወሰዳቸው፤ በሩ ውጭ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጠበቃቸው፤ መልሶ አስቀመጣቸው። ከዚያ ግድግዳው ውስጥ የታጠፈውን የልብስ ሳጥናቸውን አስከፍቶ የራሱንና የሚስቱን ልብስ እያወጣ ማጠፍ ጀመረ።

“ምን እያደረግህ ነው?” አሉት ወይዘሮ ሶሊያና፣ የጨርቁን ድምፅ ሰምተው።

“ቤት እየቀየርኩ ነው እማማ።”

ማታ ውብዓለም ስትመጣ ልብሶቿ በካርቶን ታስረው አገኘች። ሙሴ አያንቱ በር ላይ ቆሞ፣ “መስኮቱ ወደ ኮረብታው ነው፣ ልጆቹ ይወዱታል” እያለ የገዛ መኝታ ቤቱን እንደ ደላላ ያሞግስላት ነበር። አያንቱ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ታዳምጠዋለች።

ግድግዳዎቹ የቆሙት በአንድ ቅዳሜ ነው። የአደላዳዩ ባለሙያ መጥታ ከፎቁ ዙር አወጣቻቸው። ያ ረጅም ትንፋሽ አንድ ጊዜ ተሰማና ቀጥ አለ። ውብዓለም ጆሮዋ የተደፈነ መሰላት።

ከዚያ ሌላ ችግር መጣ። በሕንጻው ዕቃ የሚባለው ሁሉ ከግድግዳ የሚወጣና ወደ ግድግዳ የሚመለስ ስለነበር፣ ቆሞ ለሚቀር ቤት የሚሆን ዕቃ ማንም የለውም። ሙሴ ከከተማው ዳር ከፈረሰ ሆቴል የተሰበሰበ ዕቃ የተከመረበት ግቢ አገኘ። ከዚያ የእንጨት ጠረጴዛ፣ ወንበሮች፣ አንድ ረጅም ቡፌ፣ ሲዘረጋ አልጋ የሚሆን አንድ ሶፋና አንድ ነጠላ ሶፋ አመጣ። ዕቃው ከሊፍቱ ሲወርድ የፎቁ ልጆች ተሰብስበው አዩ። አንዷ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛውን ነካካችና፣ “እግር አለው!” ብላ ጮኸች።

ወይዘሮ ሶሊያና ነጠላው ሶፋ ላይ ተቀምጠው አዘዙ።

“ቡፌውን ከበሩ በስተቀኝ፣ ግድግዳውን አስታክከው። እጄን ላዩ ላይ አድርጌ እስከ ጠረጴዛው ልድረስ። ና... ና... ወደ ግራ ስበረው... በቃ! ቁም!”

ሙሴ በላብ ተጠምቆ ቆመ። “ወደ ኋላስ ልሂድ?”

“አንድ ስንዝር። እህ። አሁን ፍሬን ያዝ።”

ሳቁ። በዚያ ቤት ወይዘሮ ሶሊያና ሲስቁ ከመጡ ጀምሮ ሁለተኛው ነበር።

ጠረጴዛው የቡፌው ጫፍ ላይ ሆነ፤ ማዕዘኖቹን ሙሴ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አድበለበላቸው። ከነጠላው ሶፋ እስከ ሽንት ቤት ድረስ ቀጭን ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ከምንጣፉ የወጣ እግር የቀዘቀዘ ወለል ሲነካ ማዕድ ቤት መድረሱን ያውቃል። ምድጃው ላይ ሁልጊዜ አንድ ማንቆርቆሪያ፣ በግራው ሻይ ቅጠል፣ በቀኙ ስኳር። የወይዘሮ ሶሊያና አልጋ ከነጠላው ሶፋ ጀርባ፣ የልዕልና አልጋ ከመጋረጃ ወዲያ፤ ባልና ሚስቱ የተዘረጋው ሶፋ ላይ። በር ወይ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል ወይ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ገርበብ ማለት ክልክል ነው። ከጠረጴዛ የተነሳ ሰው ወንበሩን ወደ ውስጥ ይመልሳል። ደንቡን የምታስከብረው ልዕልና ነበረች። አባቷ ጫማውን ምንጣፉ ላይ ሲያወልቅ፣ “አባዬ፣ መንገድ ዘጋህ!” ትለዋለች።

ወይዘሮ ሶሊያና መጀመሪያ ግድግዳውን ይዘው ሄዱ። ሲነጋ እየተነሱ ቡፌውን ይነካሉ፤ እዚያው ነው። ከምሳ በኋላ ይነካሉ፤ እዚያው ነው። እየዋለ እያደረ እጃቸው ከዕቃው ራቀ፤ ከዚያ ጨርሶ ተወው። ውብዓለም አንድ ማታ ስትገባ እናቷ መሃል ወለሉ ላይ፣ ምንም ሳይይዙ፣ የደረቀ ልብስ በክንዳቸው አንጠልጥለው ሲያልፉ አየች። የውሃው ብርጭቆ ጎድሏል። ወደ ገበያ ተመልሳ ስድስት ብርጭቆ ገዝታ መጣችና ቡፌው ውስጥ ደረደረቻቸው። ራቅ ብላ አየቻቸው። እንደገና አስተካከለቻቸው።

ኮሚቴው የሚመጣበት ቀን ሲደርስ ውብዓለም ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛውን ደግማ ደጋግማ ወለወለች።

“ተቀመጪ” አሏት እናቷ።

“ሻይውን ልጣድልሽና...”

“ውቤ፣ አንቺ ዛሬ እንግዳ ነሽ። ቁጭ በይ።”

ውብዓለም ሶፋው ላይ ተቀመጠች። በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ሶሊያና ቡፌውን ሳይነኩ ሄደው ከፈቱ።

“ግቡ፣ ግቡ። እንደምን ዋላችሁ?”

የገቡት አቶ ዳግማዊ፣ ግድግዳዎቹን ያቆመችው ባለሙያ ኤፍራታ፣ እና በጎረቤትነቷ የተጠራችው አያንቱ ናቸው። ሦስቱም እንደ ሕንጻው ልማድ መሃል ቆመው መቀመጫ ከግድግዳ እስኪወጣላቸው ጠበቁ።

“ወንበሩ ጠረጴዛው ሥር ነው” አሉ ወይዘሮ ሶሊያና። “ስባችሁ ተቀመጡ።”

ጥያቄው ብዙ ነበር። ቀን ብቻቸውን ሲሆኑ ምን ያደርጋሉ? ቢታመሙ ማንን ይጠራሉ? እሳት እንዴት ያጠፋሉ? ወይዘሮ ሶሊያና ሳይቸኩሉ መለሱ። ከዚያ፣ “ሻይ ላምጣላችሁ” ብለው ወደ ማዕድ ቤት ገቡ። ይህኔ ኤፍራታ የጣሪያውን ጥግ ለማየት ተነሳች፤ ወንበሯን ገፍታ ምንጣፉ ላይ ተወችው። ሆን ብላ አልነበረም። በዚያ ሕንጻ ተወልዶ ያደገ ሰው የተነሳበትን ወንበር ዞሮ አያይም፤ ራሱ ይሄዳል።

ውብዓለም ወንበሩን አየችው። አያንቱም አየችው። እናቷ ትኩስ ሻይ የያዘ ትሪ ተሸክመው ከማዕድ ቤት ወጡ። ውብዓለም ከሶፋው ልትነሳ ጉልበቷ ተንቀሳቀሰ። አቶ ዳግማዊ በዓይናቸው ከለከሏት። የመጡት ይህን ሊያዩ ነው።

ወይዘሮ ሶሊያና ምንጣፉን ተከትለው መጡ። የእግራቸው ጫፍ የወንበሩን እግር ነካ። ቆሙ። ትሪው ላይ ብርጭቆዎቹ ተንኳኩ፤ አንዱ ትንሽ ፈሰሰ።

“ይህን ወንበር ማነው ያነሳው?” አሉ ወይዘሮ ሶሊያና።

ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። በአንድ ወቅት በጠባብ ድልድይ ላይ ሌላ መኪና ወደ ኋላ ያስመለሰ ድምፅ ነበር።

“እኔ ነኝ...” አለች ኤፍራታ።

“መልሽው። እዚህ ቤት ዕቃ ቦታ አለው።”

ኤፍራታ ቆማ ቀረች፤ ወንበር መልሳ ስለማታውቅ እንዴት እንደሚያዝ እንኳን ግራ ገባት። የተነሱት አቶ ዳግማዊ ናቸው። ወንበሩን በሁለት እጃቸው አንስተው ጠረጴዛው ሥር አስገቡት፤ መግባቱን በጉልበታቸው ገፋ አድርገው አረጋገጡ።

“ተመልሷል እትዬ” አሉ።

“እግዜር ይስጥልኝ። እናንተም ሻይው ሳይቀዘቅዝ ቀረብ በሉ።”

ትሪው ጠረጴዛው ላይ አረፈ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለሰብሳቢው፣ ቀጥሎ ለኤፍራታ፣ ቀጥሎ ለአያንቱ ሰጡ፤ በመጨረሻ ሶፋው ድረስ ሄደው ለልጃቸው። ውብዓለም ብርጭቆውን በሁለት እጇ ተቀበለች።

ጥያቄ ከዚያ በኋላ አልተጠየቀም። አያንቱ ልጆቹ አሁን በመስኮቱ የነፋስ ማማዎቹን እየቆጠሩ ቁጥር እንደተማሩ ተናገረች። አቶ ዳግማዊ ወይዘሮ ሶሊያናን ስለ ጅቡቲ መንገድ ጠየቁ፤ ሙቀቱን፣ ግመሎቹን፣ ጎማ ሲፈነዳ ብቻን ማደሩን ሰሙ። ሻይ ተደገመ። ኤፍራታ ሰዓቷን አየችና ተነሳች፤ ወንበሯን ቀስ ብላ፣ እንደ ሕፃን እያየችው፣ መልሳ አስገባችው።

አቶ ዳግማዊ ግን አልተነሱም ነበር። በሕንጻው ውስጥ የእንግዳ ሰዓት ሲያልቅ መቀመጫው ራሱ ሰውን ያስነሳል፤ ማንም መሄድ እንዳለበት በራሱ ወስኖ አያውቅም። ሰብሳቢው ሁሉም ሲያያቸው ነቁ። “ይቅርታ፣ አልታወቀኝም” ብለው ብድግ አሉ። ወደ ውብዓለም ዞሩ። “ቤቱ እንደቆመ ይቀጥላል። ለኮሚቴው እኔ እነግራለሁ። ሌሎች አዛውንቶች ያሉባቸው ቤቶችም እየጠየቁን ነው፤ እዚህ እየመጡ ቢያዩ ይፈቅዳሉ?”

“እኔን አይጠይቁኝ” አለች ውብዓለም። “የቤቱ ባለቤት እሳቸው ናቸው።”

“ይምጡ” አሉ ወይዘሮ ሶሊያና። “ከሰዓት በኋላ ግን አርፋለሁ፤ ጠዋት ይምጡ።”

እንግዶቹ ሲወጡ ወይዘሮ ሶሊያና አብረዋቸው ወጡ። ውብዓለም በሩ ላይ ስትደርስ እናቷ የኮሪደሩን ግድግዳ በጣታቸው ጫፍ እየነኩ፣ ከአቶ ዳግማዊ ጎን፣ ወደ ሊፍቱ እየሄዱ ነበር። ወደዚያ ብቻቸውን ሄደው አያውቁም። ውብዓለም ልትከተላቸው አንድ እግሯን አወጣች፤ ከዚያ መለሰችው። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ቆመች።

የሊፍቱ በር ሲከፈት ሙሴ ከሥራ እየተመለሰ ነበር። ከላይ ፎቅ የሚኖሩ፣ በስም የማያውቃቸው ሰዎች አብረውት ቆመዋል። አማቱን ብቻቸውን ኮሪደር ላይ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

“እማማ! ምን ሆኑ?”

“ምን እሆናለሁ? እንግዳ እየሸኘሁ ነው” አሉት። ሰብሳቢውን በእጃቸው ተሰናብተው ዞሩና፣ “አንተም እንኳን ደህና መጣህ። ና፣ ሻይ አለ” ብለውት፣ ግድግዳውን ነካ እያደረጉ ወደ ቤታቸው ቀድመውት ሄዱ።

ሙሴ ወዲያው አልተከተላቸውም። የሊፍቱን በር በእጁ ይዞ፣ ውስጥ ወደቀሩት ወደማያውቃቸው ሰዎች ዞረ። አንገቱ ቀና ብሏል።

“አማቴ ናቸው” አላቸው። “ቤታችን እንግዳ መጥቶ ነበር።”